ዝም ያልኩባቸው ስምንት ቀናት

ያ የዓለሙን ሕዝብ ሁሉ አፍና አፍንጫ ያስሸፈነ በሽታ የመጣ ሰሞን፣ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተደርድረን ክትባት እንጠብቅ ነበር። ሽማግሌ ይቅደም ስለተባለ እኔ ከፊት ነበርኩ። የምትወጋን ነርስ የጎረቤቴ ልጅ ናት። «አባባ፣ የዘገየው እኮ ሀብታሞቹ አገሮች ለራሳቸው እስኪበቃቸው ስለያዙት ነው። ለእኛ የደረሰን ከእነሱ የተረፈው ነው» አለችኝ እጅጌዬን እየሰበሰበች። ፊቴን ወደ ባሕር ዛፉ አዞርኩ። የፈራሁ መስሏት «አይዞዎት፣ አያምም» አለች። እኔ ግን አልፈራሁም፤ በሀብታሞቹም አልተናደድኩም። የሰው ሕይወት የሚያድን ነገር በእጅ ይዞ ዝም ማለት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደረግ፣ ሲደረግም ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ ከእሷ በላይ አውቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ሐሳቤ ወደ ስማዳ ቆላ ወረደ፤ እስካሁንም አልወጣም።

ዘመኑ ንጉሡ ወርደው ወታደሩ የነገሠበት፣ ግን ማን ምን እንደሆነ ገና ያልለየለት ነበር። አንድ ሰሞን ተማሪዎች በዘመቻ ይመጣሉ፣ ሌላ ሰሞን መንገዱን ሽፍታ ይዞታል ይባላል። እኔ ከዚያ ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው የስማዳዋን ከተማ የወገዳን አንዲት ጥግ ነው። ከገበያው በላይ የሐጂ ሰይድ ሱቅ ነበር፤ የላምባና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ የተቀላቀለበት፣ ጨውና ክብሪት፣ ሳሙናና መርፌ የሚሸጥበት። ደጁ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጠን ሻይ በአሥር ሳንቲም እንጠጣ ነበር። አንድ ብር የያዘ ሰው ዶሮ ገዝቶ ይገባል። ሐጂ ባለ አራት ድንጋይ ራዲዮ ነበራቸው፤ ዜናው ሲመጣ ይቀንሱታል፣ ዘፈኑ ሲመጣ ከፍ ያደርጉታል። እኔ እግሩ የሰፋ የቴትረን ጨርቅ ሱሪዬን በየሳምንቱ በከሰል ካውያ እያስተኮስኩ፣ ጠጉሬን አጎፍሬ፣ ካኪ ኮቴን ደርቤ በዚያ ጥግ ሳልፍ ሰው ሁሉ «ከታቢው ጌታሁን» ይለኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ በእስቴና በስማዳ መካከል ቄስ እንኳ የሚነሳለት ሆኖ ነበር።

ሥራዬ ፈንጣጣን ማጥፋት ነው። ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው። ዓለም ሁሉ ተማምሎ ያን በሽታ ከምድር ሊያጠፋ ተነሥቷል፤ ከሌላው አገር ሁሉ ተባርሮ የቀረው እንደኛ ባሉ ገደላ ገደል ቦታዎች ነው ተብሎ ነበር። ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ፣ በጠርሙስ የደረቀ ክትባት፣ ደግሞ ፊቱ በፈንጣጣ የተሸፈነ ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርቶን ይሰጡናል። ካርቶኑን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ እያሳየን «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያልን እንዞራለን። የታመመ ሲገኝ ቤቱ ላይ ዘበኛ ይቆማል፣ በዙሪያው ያለ ሰው በሙሉ ይከተባል። በሽታው የሚሄድበት ሰው ሲያጣ ይሞታል።

በዚህ ሥራ ሁለት ዓመት ብቻዬን ኃላፊ ሆኜ ከበሬታ ስበላ ቆይቼ ዶክተር ቢማል መጣ። ህንድ ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሹራብ የሚለብስ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። የስማዳ ሰው ስሙን በሁለት ቀን ውስጥ ወደ አማርኛ መልሶ «ዶክተር ቢምረው» አለው። ወዲያው የኔ ዘመን አለቀ።

ምን ምኑን ልቁጠር። ሥጋ አይበላም ነበር፤ እንቁላልም ወተትም አይነካም። የቤተሰቡ ልማድ እንደሆነ ለእኔ ነግሮኛል፤ ሕዝቡ ግን «ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው» ብሎ አመነ። ቄሶቹ ሳይቀሩ «ከሩቅ አገር የመጣ አሕዛብ እንዲህ ሲጾም፣ የእኛ ልጅ በዓቢይ ጾም ወተት ይጠጣል» እያሉ በአግቦ ወደ እኔ ያያሉ። እንጀራ በእጁ ጠቅልሎ ሲጎርስ እንደ እኛው ነው። ሲናገር ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቲቱን «አንተ» ይላል፤ ሽማግሌዎች ተሰድበው ሳይሆን ተመርቀው እንደመጡ እየሳቁ ይሄዳሉ። እኔ እንደዚያ ብሳሳት ዱላ ይመዘዝብኝ ነበር። በእግር ጉዞም የምበልጠው ነገር አልቀረልኝም፤ ቁልቁለቱን እንደ ቆላ ሰው ይወርደዋል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ የሻረግ ባትኖር። የሻረግ የአንድ ደብተራ ልጅ ናት፤ ከዘማቾቹ ማንበብና መጻፍ አቀላጥፋ ተምራ፣ ሴቶቹ ለወንድ ክንዳቸውን አንገልጥም ስላሉ ከእኛ ጋር ተቀጥራ ትከትባለች። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር፤ እሷም አስቤ እንደነበር ታውቃለች። አረንጓዴ ሻሽ ታስር ነበር፤ ስትስቅ አፏን በሻሹ ጫፍ ትሸፍናለች። ከእኔ ጋር ስትስቅ ሁልጊዜ ትሸፍን ነበር። አንድ ቀን አውድማ ዳር ተቀምጠን ቢማል «ገብሱ መጣ» ለማለት «ገብሱ መጣች» ሲላት አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። ሁለቱም ምንም አላደረጉም። ሰው ሰውን ሲያስቅ ነው ያየሁት። ግን ይኸው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎኝ ያን ሳቅ ስጽፈው ጥርሴ ይገጥማል።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ በሐጂ ሰይድ ደጅ ሳልፍ ጠሩኝ። ሐጂ የረጋ ሰው ናቸው፤ ወሬ አያጋንኑም።

«ጌታሁን፣ ጨው ይዞ በሽሎ ወንዝ ድረስ የወረደው ጫኚዬ ትናንት ተመለሰ» አሉኝ። «አንድ መንደር ውስጥ ከአንድ ቤት ደጅ ላይ እሾህ ተጋርዶ አይቷል። ሲጠይቅ ‹እንግዳ ገብቷል› ብለውታል።»

በዚያ ቆላ ፈንጣጣን በስሙ አይጠሩትም፤ ‹እንግዳ› ነው የሚሉት።

«የታመመውን አይቶታል?»

«ልጅ ነው፤ በአጥር አሻግሮ አይቶታል። ካርቶናችሁ ላይ እንዳለው ነው ይላል። ለዶክተሩም ንገረው፤ ዛሬ ነገ አትበሉ።»

«እነግረዋለሁ ሐጂ» አልኩ።

አልነገርኩትም። ያን ዕለት ከቢማል ጋር ምሳ በላን። ስለ በቅሎ ጫማ አወራን። ወሬው ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ‹ብነግረው እሱ ቀድሞ ይወርዳል፣ የሻረግን ይዞ ይወርዳል፣ የመጨረሻውን በሽተኛ ቢምረው አገኘው ይባላል› ብዬ ዋጥኩት። ሐሙስ ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ ክትባት ሊያመጣ ቀጠሮ ነበረው። ሲሄድልኝ ብቻዬን እወርዳለሁ፣ ብቻዬን አገኘዋለሁ፣ ሲመለስ ሥራው አልቆ ይጠብቀዋል አልኩ። እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ቀን ምን ያመጣል። ሐሙስ ደግሞ መንገዱ ጥሩ አይደለም ተብሎ የጭነት መኪናው ቀረ። ዓርብም ቀረ። እኔ በየጠዋቱ እየተነሣሁ የሰውየውን መሄድ እጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ሄደ። እሑድ ለየሻረግ «እናቴ አሟታል» ብዬ ተነሣሁ፤ እናቴ ደህና ነበረች። ወሬ እየጠየቅሁ፣ መንገድ ስቼም ብዙ ሰዓት ባክኜ፣ ማክሰኞ መንደሩ ደረስኩ።

ዘጠኝ ጎጆ ናት። ከታች በሽሎ ይታያል። እሾህ የተጋረደበት ቤት የዘነቡ ነበር፤ ባሏ ከሞተ ዓመት ያለፈው፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት። የታመመው የመጀመሪያ ልጇ ቅርፊቱ እየረገፈ ነበር፤ ድኗል። ደስ አለኝ። የክትባት ጠርሙሴን አውጥቼ መንደሩን ስጠራ ሕፃናቱ ሁሉ ክንዳቸው በጨርቅ ታስሯል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አስወጋናቸው» አለችኝ ዘነቡ። «ከወዲያ ማዶ አንድ ወጊ ሽማግሌ አለ። ከልጄ ቁስል መግል ወስዶ በእሾህ ወጋቸው። የአባቶቻችን መድኃኒት ነው።»

ያን ልማድ አውቀዋለሁ። የተወጋው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለል ብሎት ይድናል፤ አንዳንዱ ግን ሙሉውን በሽታ ይይዛል፣ ለሌላውም ያስተላልፋል።

«መቼ?»

«ባለፈው ረቡዕ። በዋዜማው ማክሰኞ እንኳ ብትመጡ ኖሮ ባላስወጋኋቸው። የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ነው እንጂ መች ወደን።»

በልቤ ቆጠርኩ። ሰኞ ረፋድ ሰምቼ ወዲያው ብነሣ፣ የሐጂን ጫኚ መሪ አድርጌ፣ ማክሰኞ ከሰዓት እዚያች ደጅ ላይ እቆም ነበር።

ከተወጉት አንዷ ጥሩወርቅ የምትባል፣ ሰባት ዓመት የሆናት የዘነቡ ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ያን ቀን ሰውነቷ መሞቅ ጀምሮ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ካርቶኑን ከእጄ ወስዳ ፎቶውን ስታየው ቆየች።

«የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

«የሩቅ አገር ልጅ ነው።»

«እኛ ዘንድ ምን ሊያደርግ መጣ?»

«በሽታው አንድ ስለሆነ፣ እሱን ያየ ሰው እንዲያውቀው ነው።»

«ዳነ?»

አላውቅም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ካርቶኑን ለስንት ሺህ ሰው ሳሳይ ያን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። «ድኗል» አልኳት።

ሌሎቹን ሁሉ ከተብኳቸው፣ ትልልቆቹንም። ለእሷ ግን ረፍዶ ነበር። በአራተኛው ቀን ቢማልና የሻረግ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። ሐጂ ሰይድ ‹ያ የበሽሎው ነገር ምን ደረሰ?› ብለው ቢማልን ጠይቀውት ነው የሰማው። የመጣ ጊዜ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ዕቃውን አወረደ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ሕፃናቱን አየ። እኔ ስለ ሐጂ እስኪያነሣ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አላነሣውም። የሻረግ ብቻ ውኃ ስንቀዳ፣ «እናትህ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። «ደህና ናት» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና እንስራዋን ይዛ ሄደች። በዚያ ድምፅ ውስጥ ሁሉን ነገር ማወቋን አወቅሁ።

ጥሩወርቅ በታመመች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈች። ቄሱ በመንገዱ ርቀት ዘገዩ። ቢማል ጫማውን አውልቆ ከሴቶቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዘነቡ ደረቷን እየደቃች መጥታ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች፤ እንደ ወንድም ያዛት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ይህን የምናገረው ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልናገር ቆይቼ ነው፤ በዚያች ሰዓት፣ ልጅቱ ገና በነጠላ ሳትሸፈን፣ ቀናሁ። ትከሻው የእኔ ቢሆን ብዬ ቀናሁ። ሰው በቅናት ደስታን እንደሚመኝ አውቅ ነበር፤ በሌላ ሰው ለቅሶ ውስጥ ያለውን ቦታ እንደሚመኝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከቀብር ሁለት ቀን በኋላ ወንዙ ዳር መርፌ ስንቀቅል የሪፖርቱን ወረቀት አወጣልኝ። ‹ወሬው የተሰማበት ቀን› የሚል መስመር አለበት። ባዶ ነበር።

«አንተ ጻፈው» አለኝ። በዚያ ቀን ‹አንቺ› አላለኝም።

«ሐጂ ነግረውሃል። ለምን አንተ አትጽፈውም?»

«የሰማኸው አንተ ነህ።»

«ይቀናብኛል ብለህ አልጠረጠርክም?» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነው።

እሳቱን በእንጨት ነካ ነካ አድርጎ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው እንዲህ አለኝ፤ «እኔ እህት ነበረኝ። በዚህ በሽታ ሞተች። ክትባቱ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክትባቱ ነበር፤ የሚያመጣው ሰው አልነበረም። አንዱ አገር የእኔ ሥራ አይደለም ይላል፣ አንዱ በሽታ የለብኝም ብሎ ይደብቃል፤ ገበያው እንዳይዘጋ፣ ስሙ እንዳይጠፋ። ትልልቅ ሰዎች፣ ትልልቅ መንግሥታት። እኔ በእነሱ ስናደድ ኖሬ ነው እዚህ የመጣሁት። አሁን አንተን ሳይ...» ቃል ጠፋበት። «አሁን አንተን ሳይ፣ እንዴት እንደሚያደርጉት ገባኝ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶውን ወስጄ ሰኞ የሚለውን ከነቀኑ ጻፍኩ፤ የደረስኩበትንም ማክሰኞ ጻፍኩ። በመካከሉ ያለውን ስምንት ቀን ማንም መቁጠር ይችላል። ወረቀቱን አልቀደደልኝም፣ አላለዘበልኝም፤ እንዳለ ላከው። በወሩ ከኃላፊነቴ ወርጄ ተራ ከታቢ ሆንኩ። ከዚያ ቆላ ስድስት ሳምንት ሳንወጣ፣ ከመንደሩ ዙሪያ ያለውን ሰው ሁሉ እየዞርን ከተብን። የእኔ ድርሻ የበዛው ገደል ገደሉ ነበር፤ እኔው ጠይቄ ነው። በሽታው ከዚያች መንደር አልወጣም። ሌላ ሰው አልሞተም።

ቢማል በዓመቱ ሥራው አልቆ ሄደ። ወገዳ ሲሸኘው ከዓርብ ገበያ ከተማ ሳይቀር የመጣ ሰው ነበር፤ ቄስም ሼህም መርቀውታል። የሻረግ ድሬሰር ለሚሉት የጤና ረዳትነት ትምህርት ደብረ ታቦር ሄደች፤ ከመሄዷ በፊት ሽማግሌ እንዳልልክ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። «አልጠላሁህም» አለችኝ። «ግን በታመምኩ ቀን ሐኪም የምትጠራልኝ መሆንህን እንዴት አውቃለሁ?» እዚያው ደብረ ታቦር አስተማሪ አገባች፤ መልካም ሰው ነው ይላሉ። እኔም ዘግይቼ አግብቼ ወልጄአለሁ። ሰውየው መልካም ነው በተባለ ቁጥር ግን አሁንም ደስ አይለኝም።

ፈንጣጣ ከአገራችን ጠፋ ከተባለ በኋላም የቀረ እንዳለ ለማየት ሁለት ዓመት ያህል ፍለጋው ቀጥሎ ነበር። በዚያ ሥራ ወደ በሽሎ ወረድኩ። ዘነቡ ሌላ ባል አግብታ በጀርባዋ ሕፃን አዝላለች። ጠላ ቀዳችልኝ። ስሙ ማነው ስላት «ቢምረው» አለችኝ። ጠላውን ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ይዤው የወረድኩትን ነገር፣ ስምንቱን ቀን፣ ከሐጂ ደጅ ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ለምን እንደደበቅሁም አልደበቅኋትም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እናቴ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው» አለች። «የእናቴም እናት። ያ መድኃኒት ከመቶ ዓመት በፊት ነበረ ብሎኛል ዶክተሩ። ያን ሁሉ ዘመን ስለ እኛ የሰማ ሰው አልነበረም?»

«የነበረ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ስምንት ቀን ያንተ ነው፤ ሌላው የእነሱ ነው። የእነሱን ላንተ አልጭንብህም። ያንተንም ከእነሱ ጋር አልደባልቅልህም።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ተነሥታ የሕፃኑን ክንድ ገለጠች።

«ይህ አልተከተበም» አለችኝ።

«በሽታው ጠፍቷል እኮ፤ ምናልባት አያስፈልገውም።»

«ጠፍቷል የሚሉት የማያውቁን ሰዎች ናቸው። አንተ እዚህ ነህ፤ ውጋው።»

ጠርሙሱን አውጥቼ ከፈትኩ። ሕፃኑ ሳያለቅስ ዓይኔን ዓይኔን ያየኝ ነበር። መርፌውን ወደ ክንዱ አቀረብኩ፤ ዘነቡ ልጇን ወደ ኋላ አልሳበችም።